የማካሮቭ ቃታ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ከሠላሳ አልፎ፣ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ጥያቄ እየደገመ ስላስቸገረ፣ የመድረኩ ኃላፊ እስካሁን የተባለውን በራስህ ቃል አሰባስብልን አለኝ። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ የጻፈውን ራሱ አጥፍቶታል፤ አንዳንዱም ባይደገም ይሻላል።

መነሻው ይህ ነበር። ጅማ መርካቶ ውስጥ ባለ የቡና መጋዘን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቀይ እሸቱ ሲደርስ ከባንክ ጥሬ ገንዘብ እያወጣሁ ገጠር ላሉት መግዣ ጣቢያዎቻችን አደርሳለሁ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ማካሮቭ የሚባል ሽጉጥ አለኝ፤ ፈቃዱ በስሜ ዞሯል፤ ገንዘብ በያዝኩ ቀን ሸሚዜ ስር እታጠቀዋለሁ። ታዲያ ዕቃውን ታጥቆ መዞር አንድ ነገር ነው፣ መተኮስ መቻል ሌላ። ሚሊሻ የሆነው አጎቴ በልምምዳቸው ቀን አስፈቅዶ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ሄደ። በአሥር እርምጃ አምስት ተኮስኩ። አራቱ በስኒ ማስቀመጫ የሚከደኑ ናቸው። የመጀመሪያዋ ግን ከነሱ ስንዝር ያህል ወርዳ ወደ ግራ ተገኘች። ሌላ አምስት ሞከርኩ፤ ያው! አራቱ አንድ ላይ፣ የመጀመሪያዋ ከታች በግራ ብቻዋን እንደ ተኳረፈች።

ቤት ገብቼ ለመለካት ተነሣሁ። ሽጉጡን ባዶ አድርጌ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ በጠረጴዛው ጠርዝ ይዤ፣ ቃታው ላይ በሲባጎ የአምስት ሊትር ዘይት ጀሪካን አንጠለጠልኩበት። በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ እየለካሁ ስጨምር ጀሪካኑ ጢም አለ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። እናቴ ሳሎን መሐል ውሃ የማፈሰው ለምን እንደሆነ ጠይቃ መልስ ሳታገኝ ወጣች። ወደ አሥር ሊትሩ ጀሪካን ቀየርኩ። በአሥራ አንደኛው ጠርሙስ ቀጭ አለ። አምስት ሊትር ተኩል መሆኑ ነው። ከዚያ ከሽጉጡ ኋላ ያለውን፣ ጥይቱን የሚያስነሣውን መዶሻ በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ስቤ በትንሹ ጀሪካን ደገምኩት። በአምስተኛው ጠርሙስ ለቀቀ። ያው አንዱ ሽጉጥ አንዴ ከአምስት ኪሎ በላይ፣ አንዴ ሁለት ኪሎ ተኩል ይጠይቃል!

እናም እነዚህን ወገብ ላይ የሚታጠቁ ትንንሽ ሽጉጦች የሚሠሩት ሰዎች ስለ ቃታቸው ምንም አይጨነቁም ብዬ ደመደምኩ፤ ጅማ ውስጥ ቃታ የሚያቀልልኝ ባለሙያ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ ብዬም ለጠፍኩ። ቃታ ብዬ መጻፌን ያዙልኝ።

መልስ ቁጥር 1 ከአጋሮ ነው። የአባቴን ነፍስ ይማር ብሎ፣ የጀሪካኑን ዘዴ አመስግኖ፣ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ጥይት የሚደረደርበትን ካዝና ከማውጣት አልፌ ላይኛውን ብረት ስቤ፣ የምትተኮሰው ጥይት የምትገባበትን ጉሮሮ በዓይኔም በጣቴም ማረጋገጤን፤ አፈሙዙ ወደ ላይ ሲሆን ከቆርቆሮው በላይ ሰው አለመኖሩን፤ ሲባጎውን ያሰርኩት ጫፉ ላይ ይሁን ወይስ ጣት በሚያርፍበት መሐል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ መስላኝ ነበር። አልነበረችም፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ። የጀሪካኑ የራሱ ክብደት እንዳይዘነጋም አከለ። እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያ መልስ ሲገባ ክሩ በሰላም ያልቃል ብዬ ነበር።

ቁጥር 2 ከቀድሞው ሠራዊት በሃምሳ አለቅነት የተሰናበቱ ሰው ናቸው። ስለ ክብደቱ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ቃሉን አረሙኝ። ጣት የሚስበው ምላጭ ነው፤ ቃታ የሚባለው ጥይት ወደ ጉሮሮ ለማስገባት የሚሳበው ነው። አቀባብል ሲባል ቃታ የሚሳብ፣ ተኩስ ሲባል ምላጭ የሚሳብ፤ ይህን ያልለየ ሰው መሣሪያ ባይዝ እንደሚሻልም ጨመሩበት። ቁጥር 3 ተቆጣ። በዜናውም፣ በልቦለዱም፣ በጨዋታውም ቃታ ሳበ እንደሚባል፣ ምላጭ የጢም መላጫ እንደሆነ ጻፈ። ቁጥር 4 እና 5 እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ አንዳቸው እርስዎ ሲሉ ሌላው አንተ ይላል። ቁጥር 6 የመጣው ሰው ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የተለያዩት የሰፈርና የከተማ ነገር ነው ብሎ ሊያስታርቅ ሞክሮ ከሁለቱም ተሰደበ።

እኔ ሃምሳ አለቃ ልክ ናቸው ብዬ ከዚህ በኋላ ምላጭ እላለሁ።

ቁጥር 7 ላይ ክሩ ፍሬ አፈራ። የጻፈችው እዚሁ ጅማ ፊዚክስ የምታስተምር መምህርት ናት። እኔ ብልሽት ያልኩት ብልሽት አለመሆኑን በትዕግሥት አስረዳች። በማካሮቭ የመጀመሪያው ስበት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የተኛውን መዶሻ ሞላውን እየጨመቀ ወደ ኋላ ያነሣል፣ ከዚያም ይለቀዋል። ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ግን ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ መዶሻውን ራሱ አንሥቶ ስለሚያስቀምጠው፣ ለጣት የሚቀርለት መልቀቁ ብቻ ነው። አምስት ሊትር ተኩሉና ሁለት ሊትር ተኩሉ የአንድ ምላጭ ሁለት ሥራ ናቸው። ይህ ፈሊጥ ከማካሮቭም ይቀድማል፤ የጀርመኑ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1929 ፒፒን፣ በ1931 ደግሞ ትንሹን ፒፒኬን ሲያወጣ እንዲሁ ነበር። ሶቪየቶች ማካሮቭን የተቀበሉት በ1951 ነው።

ከዚያ ያላሰብኩትን አመጣች። ምላጩ ስንት ኪሎ ነው ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሽጉጡ ራሱ ስንት ኪሎ ነው የሚለው ነው። ማካሮቭ ባዶውን ወደ 730 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ጣቴ የሚስበው ኃይል ከሽጉጡ ክብደት ሰባት ስምንት እጥፍ ነው። መዳፍ አጥብቆ ካልያዘው ጣት ምላጩን ብቻ ሳይሆን ሽጉጡን እንዳለ ወደ ራሱ ይጎትታል፤ በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ሰው አፈሙዙ የሚሄደው ወደ ታችና ወደ ግራ ነው። የእኔ የተኳረፈች ጥይት ያረፈችው የት ነበር? ዕቃ እየቀለለ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሁለት ኪሎ ተኩል በሦስት ኪሎ ጠመንጃ ላይ ምንም አይደለም፤ በኪስ በምትገባ ሦስት መቶ ግራም በማትሞላ ሽጉጥ ላይ ግን ብዙ ነው።

መፍትሔ ብላ የሰጠችኝ የጅማ መፍትሔ ነበር። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጥ፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ፤ ወደ አፈር ግድግዳ ዙር፤ ከላይኛው ብረት ጫፍ፣ ማነጣጠሪያዋ አጠገብ አንዲት ያልተቆላች የቡና ፍሬ በጠፍጣፋ ጎኗ አስቀምጥ፤ ፍሬዋ ሳትወድቅ ምላጩን ጨርሰህ ሳብ። ማካሮቭ ለዚህ ልምምድ ይመቻል፤ መዶሻው ከተኛበት በምላጩ ብቻ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚነሣ በየጊዜው ላይኛውን ብረት መሳብ የለም።

ቁጥር 8 የእኔ ነው። ሃያ ጊዜ ሞክሬ ሃያ ጊዜ ወደቀች።

ቁጥር 9 ከቨርጂኒያ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር እንደሆነ ነገረን። እዚያ ሰው ሸሚዙ ስር ስለሚይዘው ትንሽ ሽጉጥ ረጅም ነገር ጻፈ፤ ጉራው ተነሥቶለት ፍሬው ይህ ነው። ባለ አምስት ጥይት አጭር ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ የሚቀመጥበት)፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚሠራው ዓይነት፣ በአሉሚኒየም ሲሆን ወደ 425 ግራም ነው፤ ምላጩ ግን ከአምስት ኪሎ በላይ ይጠይቃል። አሥራ ሁለት እጥፍ! ሩገር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ኤልሲፒ ከ300 ግራም በታች ነው፤ ምላጩ ረጅምና እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ። ግሎክ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥይት ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል። ሲግ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፒ365 ደግሞ ግማሽ ኪሎ በሆነች አካል አሥር ጥይት ስለያዘች ገበያውን ገለባብጣዋለች። ምክሩ አባትህ የተወልህን አስቀምጥና ግሎክ ግዛ የሚል ነበር።

ቁጥር 10 እንደ ሚጥሚጣ ነው። ይህ ጅማ እንጂ ቨርጂኒያ አይደለም፤ እዚህ ሽጉጥ እንደ ጫማ ከመደርደሪያ እየተለካ አይገዛም፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ የተገኘ ይታሰራል፤ በኮንትሮባንድ የሚገባውን የቱርክ ሽጉጥ በርካሽ አገኘሁ የሚሉ ልጆችም መጨረሻቸው እስር ቤት ነው። ቁጥር 9ን ሽጉጡን ሳይሆን ዶላሩን ላክ አለው። ቁጥር 11 ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፤ ግን ቁጥር 9 ያመጣቸው ቁጥሮች የመምህርቷን ነገር አጠናክረዋልና ሰውየውን ማባረር ተገቢ አልነበረም።

ቁጥር 12 የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከሊሙ ቡና ይጭናል። ይህን ሁሉ ኪሎ ትታችሁ ምላጭን እንደ ፍሪሲዮን አስቡት አለ። ፍሪሲዮን ስትረግጥ መጀመሪያ ባዶ የሚሄድ አለ፤ ከዚያ የሚይዝበት ቦታ አለ፤ ስትለቅም መኪናው የሚነሣባት አንዲት ነጥብ አለች። አዲስ መኪና ላይ ስትወጣ የሚያስቸግርህ የፔዳሉ ክብደት ሳይሆን ነጥቧን አለማወቅህ ነው። ምላጭም ባዶ ጉዞ አለው፤ ከዚያ ግትር የሚልበት፤ ከዚያ የሚለቅበት፤ ከተኮስክ በኋላም ጣትህን ስትመልስ ቀጭ ብሎ እንደገና የሚይዝበት ነጥብ አለ። ከዚያች ነጥብ አልፎ ጣቱን ሙሉ በሙሉ የሚያነሣ ሰው በየጥይቱ ምላጩን እንደ አዲስ ይመታዋል።

ስለ ምላጭ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ የገባኝ ግን የለም። መምህርቷም ቁጥር 13 ላይ አመስግናው፣ የክብደትን ቁጥር ማንም በጀሪካን ይለካዋል፣ ስሜት የሚባለው ግን ክብደቱ በጉዞው ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው ብላ አሟላችው። እኩል ሦስት ኪሎ የሆኑ ሁለት ምላጮች፣ አንዱ መጨረሻ ላይ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ሲሰበር፣ ሌላው አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ጣውላ እየተንገራገጨ ሲሄድ፣ ለጣት አንድ አይደሉም። ከዚህ በኋላ ግን ቁጥር 14 እና 15 ስለ አይሱዙ ፍሪሲዮን ሸራ ዋጋ ናቸው፤ ዝለሏቸው።

ቁጥር 16 የተፈለገውን መልስ ይዞ መጣ፤ ያንን መልስ ስፈልግ የነበርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ሥራ የሚያውቅ ብረት ሠራተኛ እንዳለ፣ የእሱን ሽጉጥ ሞርዶና ሞላውን አሳስቶ እንደ ቅቤ እንዳደረገለት፣ በውስጥ መስመር ብጽፍለት ስልኩን እንደሚሰጠኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ልጽፍለት ጀምሬ ነበር።

ቁጥር 17 ደረሰብኝ። የጻፈው ከዚህ በፊት በዚህ መድረክ ላይ አይቼው የማላውቅ ሰው ነው፤ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ አላጠፋም። የታላቅ ወንድሙ ሽጉጥ እንዲሁ ተሞርዶ ነበር። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ፣ ከጓደኞቹ መሐል ተጣቦ እንደተቀመጠ ሊያስተካክለው ሸሚዙን ገለጠ። ምላጩን አልነካሁም ይላል እስካሁን፤ የሸሚዙ ጨርቅ ይሁን ጣቱ ማንም አያውቅም። ጥይቷ በጭኑ ገብታ የባጃጁን ወለል በስታ ወጣች። ዛሬም ያነክሳል። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ከዚያ ወዲያ የታጠቀ ሰው አይጭንም። ቁጥር 16ን የጠራበትን ስም ኃላፊው አንሥቶታል፤ እኔ ግን ጠዋት ከማንሣቱ በፊት አይቼዋለሁ፤ አልፈርድበትም።

ሃምሳ አለቃ እዚህ ላይ፣ በቁጥር 18፣ የቃሉን ጠብ ትተው ሌላ ሰው ሆኑ። ማካሮቭን ፈትቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ዋናው ሞላ እንደ ሽቦ የተጠመጠመ ሳይሆን እጀታው ውስጥ የቆመ ዝርግ የብረት ምላስ ነው። ይኸው አንድ ብረት መዶሻውን ያስመታል፤ ጎኑ ምላጩን ይመልሳል፤ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ካዝናውን ይዞ ያቆማል። ለምላጩ ብለህ ያን ብረት ስታሳሳ ሦስቱንም ነካህ። መዶሻው ደካማ ሲመታ ከቀለሁ ቂጥ ያለችው መለኮሻ አትነሣም፤ ሌባ ፊት ቆመህ ቀጭ ብቻ ይልሃል። ካዝናው ላልቶ መንገድ ላይ ቢወድቅብህም የሞራጁ ጥፋት አይደለም፣ ያንተ ነው አሉ። ልጄ ብለው ነው የጻፉልኝ። ለቁጥር 16 የጀመርኩትን አጠፋሁት።

ቁጥር 19 ቶካሬቭ፣ ቲቲም የሚባለው ሌላ ሽጉጥ፣ ያለው ሰው ነው፤ የእሱ ችግር የእኔ ግልባጭ ነው። ቲቲው የመጀመሪያውም ጥይት ቀላልና አጭር ነው፤ ምክንያቱም ምላጩ መዶሻ አያነሣም፤ አስቀድሞ በእጅ የተነሣውን ይለቃል እንጂ። ግን ሴፍቲ የሚባል እንዳይተኮስ የሚቆልፍ ነገር በጎኑ የለም፤ ያለው የመዶሻው ግማሽ ማቆሚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉሮሮውን ባዶ አድርጎ ይታጠቃል፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ሁለት እጅና አንድ ሰኮንድ ያስፈልገዋል። ከባድ ምላጭ ያለህ አንተ ምን አጎደለብህ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁጥር 20 ለሱ ሲያስረዳ፣ በማካሮቭ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲገፋ ይቆልፋል፣ የተነሣውንም መዶሻ ምላጭ ሳይነካ ያስተኛዋል አለ። በዋልተር ግን የሚቆልፈው ወደ ታች ሲሆን ነው፤ ሁለቱን የሚለዋውጥ ሰው አውራ ጣቱን ይጠብቅ።

ቨርጂኒያ ያለው ወንድማችን በቁጥር 21 ተመለሰ፤ እልኸኛ ነው። ከባድ ምላጭ ደኅንነት ነው ለምትሉ ብሎ የኒውዮርክን ፖሊስ አመጣ። እዚያ ፖሊሶቹ ከሪቮልቨር ወደ ግሎክ ሲዞሩ ሳያስቡት እንዳይተኩሱ ተብሎ ምላጩ በልዩ ሞላ ወደ 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከአምስት ኪሎ በላይ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ደጃፍ ሁለት ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ ዘጠኝ መንገደኞች በጥይትና በፍንጣሪ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ያ ከባድ ምላጭ ብዙ አነጋግሯል። እሱ እንደሚለው፣ በስህተት እንዳይተኮስ የከበደ ምላጭ ሆን ተብሎ ሲተኮስ ሰው ይስታል።

ይህ የክሩ ዋና ጠብ ሆነ፤ እስከ ቁጥር 26 ድረስ። ሃምሳ አለቃ ዘጠኙ ሰዎች የቆሰሉት በምላጭ ሳይሆን በሕዝብ መሐል ስለተተኮሰ ነው አሉ። የፈራ ሰው እጁን ይጨብጣል፤ ግራ እጁ በር ሲይዝ ወይም ሰው ሲያንቅ ቀኝ እጁም ሳያውቀው አብሮ ይጨመደዳል፤ ያን ጊዜ በአንድ ኪሎ ተኩል የሚለቅ ምላጭ ላይ ጣት ያለው ሰው ሳይወድ ገዳይ ነው። ቁጥር 9 (21ም እሱ ነው) ታዲያ ጣቱን ምላጭ ላይ ማን አድርግ አለው አለ። ይህች ጥሩ መልስ ናት፤ ሃምሳ አለቃም ይህችን ብቻ ተቀበሏት። ሌላውን አልተቀበሉም፤ አሜሪካ ስንት ዓመት ተኩሰሃል ብለው ሲጠይቁት፣ በወር ሁለት ቀን ዒላማ እሄዳለሁ ብሎ መለሰ፣ እሳቸው ደግሞ ዒላማ መልሶ አይተኩስም አሉ። ከዚህ በኋላ አንተ እና እርስዎ ተደበላለቀ።

ለእኔ ሁለቱም ከፊል ልክ ናቸው። የኒውዮርኩ ከባድ ምላጭ አሥራ ስድስቱንም ጥይት እኩል ከባድ ነው። የማካሮቭ ክብደት ግን የመጀመሪያዋ ላይ ብቻ ነው፤ ልብ በምትመታበት፣ ሰው ገና ልተኩስ አልተኩስ በሚልበት ሰዓት። የፈለሰፈው ሰው ያንን አስቦ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ወገቤ ላይ ሲሆን ግን ጥሩ አድርጎ ነው እላለሁ። ይህን ቁጥር 27 ላይ ጽፌ ማንም አልመለሰልኝም።

ምክንያቱም ቡናው መጣ። ቁጥር 28 ቡና ቀማሽ ነው፤ መምህርቷ ያለችውን ፍሬ ሞክሮ ነበር። ለካ የትኛውም ፍሬ አይሆንም፤ አንዳንዱ እሸት ሁለት ፍሬ መሆን ሲገባው አንድ ድቡልቡል ብቻ ይይዛል፤ እሱ ጠፍጣፋ ጎን ስለሌለው እንደ ኳስ ይንከባለላል። በደንብ የደረቀ፣ ከወንፊቱ ላይ የቀረ ትልቅ ፍሬ ይሁን ብሎ መከረ። ወዲያው ቁጥር 29 ዘንድሮ የቀይ እሸት ዋጋ ስንት እንደሚከፈት ጠየቀ፤ ቁጥር 30 የሐሙስ ገበያውን ወሬ አወራ፤ መሐል ላይ አንዱ የሚሸጥ ሽጉጥ አለኝ ብሎ ስልክ ሲለጥፍ ኃላፊው ሰውየውን ከነስልኩ ጠራርጎ አወጣው።

ቁጥር 31 ሴት ናት፤ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። አጎቷ ሠርግ ላይ ለደስታ በተተኮሰ ጥይት ሞቷል። ስለ ምላጭ ክብደት ሠላሳ መልስ የጻፋችሁ ወንዶች፣ ገንዘቡን ለምን በስልክ አትልኩትም ብላ ጠየቀች። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረ ጀምሮ እሷ ለጉሊት እንኳ ጥሬ ገንዘብ አትይዝም። ለቀረበ ጥያቄ መልስ መስጠት ስላለብኝ ሰጠሁ፤ ገጠር ያለው ገበሬ ኔትወርክ በሌለበት ቡናውን አስመዝኖ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የብር ኖቱን ቆጥሮ ነው የሚሄደው። ግን ከመጋዘን ባለቤቱ ጋር ተነጋግረን ከስድስቱ ጣቢያዎች ለሁለቱ፣ ኔትወርክ ላላቸው፣ በስልክ መክፈል ጀምረናል። ይህ የሆነው በሷ መልስ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እታጠቅ የነበረው አሁን ሁለት ቀን ነው።

አሁን የተውኳትን የቁጥር 1 ጥያቄ ላንሣ። ሲባጎውን ያሰርኩት ጫፉ ላይ ነበር። ምላጭ ከላይ በኩል የሚዞር ማንሻ ስለሆነ ጫፉን የጎተተ ሰው ይቀለዋል፤ በር በመያዣው በኩልና በማጠፊያው በኩል ገፍታችሁ እዩ። ጣቴ በሚያርፍበት መሐል አስሬ ስደግመው አሥራ ሁለተኛው ጠርሙስ አልቆ ነው ቀጭ ያለው፤ የጀሪካኑ ሲደመር ከስድስት ኪሎ ያልፋል። ለአቤቱታ መጥቼ ካማረርኩትም በላይ ከባድ ሆኖ አገኘሁት።

ልምምዱን አልተውኩም። በየማታው ጥይቱ እናቴ ክፍል ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ እኔ ጓዳ በአፈሩ ግድግዳ በኩል እቆማለሁ፣ ፍሬዋን አስቀምጣለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአሥር ሰባቱን አትወድቅም። የለወጥኩት አያያዜን ነው፤ ጣቴን በጫፉ ሳይሆን ከመጀመሪያው አንጓ ትንሽ ቀደም ብዬ አሳርፋለሁ፣ ሦስቱን ታች ጣቶች አጠብቃለሁ፣ ምላጩን ሳልቆም ሳልጣደፍ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ እስባለሁ። መሐል ላይ ቆሜ ልክ እሱ ጋ ሲደርስ ልተኩስ ያልኩ ጊዜ ሁሌም ትወድቃለች። ባለፈው እሑድ አጎቴ ድጋሚ ወሰደኝ። የመጀመሪያዋ ጥይት ከሌሎቹ አራት ጣት ዝቅ ብላ አረፈች፤ አሁንም ወደ ግራ ናት። አጎቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ምንም አላለም፤ እሱ ሲደሰት እንደዚያ ነው።

ወለሉ ላይ የሚቀረውን ፍሬ እናቴ እየለቀመች በቆርቆሮ ታጠራቅማለች። ለአንድ ጀበና ሞልቷል ብላለች።

የመጨረሻው ነገር። ሃምሳ አለቃን አክብሬ የክሩን ርእስ ከቃታ ወደ ምላጭ እንዲቀይርልኝ ኃላፊውን ለመንኩት። ከተለጠፈ አንድ ቀን ያለፈው ርእስ አይቀየርም አለኝ። ቁጥር 3 ይህን አይቶ ከሥሩ ልብ ለጥፏል።